ዳለቻ የላሰችው ጨው

ከሚሴ ጋራዥ ውስጥ የተከፈተ ባትሪ ሸተተኝና ላማችን ዳለቻ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ መንገድ ዳር የተጣለ የካሚዮን ባትሪ አግኝቶ ቀፎውን የጨው ገንዳ አደረገላት። ጨው የምጨምርላት እኔ ነበርኩ። ጨው አልቆ እንኳ መላሷን አልተወችም። ሳምንት ሳይሞላ ዓይኗ ጠፋ፤ ጥርሷን እያፋጨች ግድግዳውን በግንባሯ ትገፋ ጀመር።

ሹፌሩ አጎቴ ቀፎውን ሲያይ፣ «የባትሪ እርሳስ እኮ መርዝ ነው! ጣሉት!» ብሎ ጮኸ።

«ወላሂ የሰው ዓይን ነው፤ ዱዓ እናስደርጋለን» አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «መኖ እንቢ ብላለች፤ ጨው ጨምሪላት» አለኝ።

ጨመርኩላት። በማግስቱ ሞተች።

«እማማ፣» አለኝ ባትሪውን የከፈተው የጋራዡ ልጅ፣ «ቀፎውን ይውሰዱት፤ ለከብት ውሃ ማጠጫ ይሆንዎታል።»

ስልሳ ዓመት ሙሉ አባቴ ላይ ያልጮህኩትን እሱ ላይ ጮህኩበት።