ለስኪ ጉዞ የዘገየ መርዶ

በረዶ ላይ የመንሸራተቱ፣ የስኪ ጉዞው ሐሳብ የእኔ አልነበረም። እኔ ከፍታ እፈራለሁ፤ ዌምብሊ ስቴዲየም ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ እንኳ መደገፊያውን ሳልይዝ አልወርድም። ሐሳቡ የጓደኛዬ ነበር። እሷና እኔ ለንደን የገባነው በአንድ ወር ልዩነት ነው፤ ጥገኝነት ጠይቀን በነበረ ጊዜ አንድ ሆስቴል፣ አንድ ክፍል ደርሶን ተዋወቅን። እኔ አሁን ዌምብሊ ጫማ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። እሷ ሰቨን ሲስተርስ ትኖራለች፤ ሥራዋ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ስትኖር፣ አባቷን ለማየት ሁለት ጊዜ ደሴ ከመሄዷ በቀር ለእረፍት ብላ የትም ሄዳ አታውቅም። ፈቃድ ስትወጣ እንኳ ቤቷን ቀለም ትቀባለች።

አባቷ ሰማንያን ያለፉ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። በየእሁዱ በቪዲዮ ስትደውልላቸው “በረዶ አገር ነው የምትኖሪው ይሉኛል፤ እኔ ግን ካንቺ ጀርባ ከግድግዳ በቀር ያየሁት የለም” ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ለንደን በረዶ ቢጥልም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጭቃ ይሆናል። አንድ እሁድ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና “ዘንድሮ እውነተኛ በረዶ ላይ ቆሜ ለአባባ ካላሳየሁት ሰው አይደለሁም” አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች።

ነገሩን በእጇ ያስገባችው ልጄ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ሁለት ጊዜ ስኪ ሄዳለች። “አንቲ፣ ዶንት ዎሪ፣ ሁሉንም እኔ ቡክ አደርጋለሁ” አለቻትና ኮምፒውተሯን ይዛ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። አራተኛዋ ተጓዥ እትዬ ናቸው። ዊልስደን፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖሩት። እዚህ አገር ስንገባ እጃችንን ይዘው ሐኪም ጋ ያስመዘገቡን፣ ሥራ ያስገቡን እሳቸው ስለሆኑ ያለ እሳቸው ምክር ምንም አናደርግም። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኛ በሆዳችን ሆቴል ተቀምጠው እንዲጠብቁን ወስነንላቸው ነበር።

ድረ ገጹ የእያንዳንዳችንን ችሎታ ጠየቀ። ልጄ ለራሷ “መካከለኛ” ብላ ሞላች። ለእኔ “ጀማሪ” ስትል፣ ከጀማሪ በታች የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ የለም። ጓደኛዬ “ጀማሪ፣ ግን የማትፈራ ብለሽ ጻፊልኝ” አለች። እትዬ ጋ ስንደርስ “ሆቴል” ልንል ስንል “ጎበዝ ብለሽ ጻፊ” አሉ። ሦስታችንም ዞር ብለን አየናቸው። ለካ በወጣትነታቸው የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ልጆች ሲያሳድጉ በየዓመቱ አልፕስ ይወስዷቸው ኖሯል። “ልጆቹ ቁልቁል ሲሄዱ እኔ ላይ ቆሜ ላልቅስ? ተማርኩት እንጂ” አሉ፣ ትራስ ጉልበታቸው ሥር እያመቻቹ። ያን ቀን እንደሳቅነው ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቅን አላስታውስም።

ችሎታችን እንዲህ የተራራቀ ስለሆነ ልጄ ቀኑን ከፋፈለችው። ጠዋት እኔና ጓደኛዬ ከጀማሪዎች ጋር ታች እንማራለን፤ እሷና እትዬ ላይ ይወጣሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ግን መሐል ተራራው ላይ ያለች ካፌ ውስጥ አራታችንም እንገናኛለን፤ እዚያ ስኪ የማይችልም ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣ መኪና ተሳፍሮ ይደርሳል። ጓደኛዬ ያቺን ካፌ ወደደቻት። “ከዚያ ላይ ሆኜ ነው ለአባባ የምደውለው” አለች።

ልንበር ዘጠኝ ቀን ሲቀረን፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ከሱቁ ጀርባ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነበር። የደወለው ደሴ ያለው ወንድሟ ነው። “እህቴ፣ አባታችን አረፉ” አለኝ። “ማክሰኞ ማታ፣ እራታቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ። ትናንት ቀበርናቸው። አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ። እናንተ ወጉን አድርጉላት።”

ወጉን አውቀዋለሁ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሰባት ስምንት ሰው ሆነን በሯን አንኳኩተን፣ ግራና ቀኝ ደግፈን ይዘን ማርዳት ነበረብን። ያንን አድርገን ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከሥራ እንደወጣሁ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አልቅሰው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። “ቀብሩ አልፏል” አሉኝ በመጨረሻ። “አሁን ብንነግራት የምታተርፈው ለቅሶ ነው። ለቅሶው የትም አይሄድባትም። ይቺ ልጅ በሃያ ዓመት አንዴ ልትደሰት ነው። ሄዳ ትምጣና በተመለሰች ማግስት እናረዳታለን።”

በእሳቸው ማሳበብ ይቀለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አሳብቤያለሁ። እውነቱ ግን ይህን ሲሉኝ ከላዬ ሸክም ነው የወረደልኝ። ፊቷ ሲለወጥ ማየት ፈርቼ ነበር። ለእሷ ያዘንኩ መስዬ ለራሴ ነው ያዘንኩት።

መደበቅ ግን ሥራ ነው። በማግስቱ ዓርብ የአጎቷ ልጆች የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፈው አየሁ። ያን ቀን ደግሞ ሻንጣዋን ልታስመዝን እኔ ቤት ትመጣለች። ልጄን ነገርኳትና ምን ማድረግ እንዳለባት አዘዝኳት። ጓደኛዬ ስትመጣ ልጄ “አንቲ፣ ስልክሽን ስጪኝ፣ የስኪ አፕ ልጫንልሽ” አለቻት። ደስ ብሏት ሰጠቻት። ልጄ ክፍሏ ገብታ የጓደኛዬን የአጎት ልጆች፣ የአክስት ልጆች፣ የሠፈር ሰዎች፣ አንድ በአንድ ብሎክ አደረገቻቸው። እንግዳዬን ሸኝቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ማሚ፣ ዘመዶቿን ሁሉ ነው ያጠፋሁባት። ምን እንዳስደረግሽኝ ዱ ዩ ኖው?”

“ለእሷ ብለን ነው” አልኳት።

“ለእሷ?” አለችና ክፍሏ ገባች። እስከ እሁድ አላናገረችኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት ፊቷን አጥቁራ፣ እጇን ዘርግታ ወደ ጓደኛዬ ስትመጣ አየሁና የሴትዮዋን ክንድ ይዤ ወደ በሩ ወሰድኳት። “ገና አልሰማችም” አልኳት በሹክሹክታ። ሴትዮዋ ደንግጣ ተመለሰች፣ ለሌሎቹም ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ጓደኛዬን ሲያይ ከልክ በላይ ፈገግ ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ይኸ ነው። እሷም “ዛሬ ሰው ምን ነካው፣ ሁሉም ይስመኛል” አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ደሴ ደወለች። ወንድሟ አባትየው ጸበል ሄደዋል፣ ቦታው ኔትወርክ የለውም አላት። እኔ ነኝ እንዲህ በላት ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ጀማሪዎቹ ትንሽ እንድንለማመድ ብላ ልጄ ከለንደን ወጣ ብሎ ጣራ ሥር በረዶ ወደሚሠሩበት ቦታ ወሰደችን። እትዬ ጉልበታቸውን አስረው፣ ሰው እያያቸው፣ ከላይ እስከ ታች እየተጠማዘዙ ወረዱ፤ አስተማሪው አጨበጨበላቸው። እኔ ሕፃናት የሚማሩበት ዳገት ላይ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ጓደኛዬ ግን የማትፈራ ናት። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትወድቃለች። አንዴ እኔ ላይ መጥታ ወደቀችና ሁለታችንም ተጠላልፈን መነሳት አቃተን። በረዶ አፏ ውስጥ ገብቶ ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ለአንድ አፍታ አባቷ መሞታቸውን ረስቼው ነበር። ትዝ ሲለኝ እሷ ገና እየሳቀች ነው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ “ወንድሜ አባባን ከጸበል ሊያመጣልኝ ነው” አለችኝ። “ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ካፌዋ ጋ ሆኜ እደውላለሁ፣ ስልኩን ይዘህለት ቁጭ በል ብዬዋለሁ።”

“ምን አለሽ?”

“እሺ አለኛ።”

ምን ይበል? እሱም እንደ እኛ ገብቶበታል። ልጄ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ቤት እንደገባን “ሶ፣ የምትሰማው ተራራው ላይ ነው?” አለችኝ። ለእትዬ ደወልኩ። “ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም እንላለን” አሉኝ። ልጄ ይህን ሰምታ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። “እዚያ እኮ ዋይፋይ አለ፣ ማሚ። ያንን ቦታ ቡክ ያደረግኩት ዋይፋይ ይኑረው ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።”

እሮብን እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ሐሙስ ከሥራ ቀርቼ፣ ለእትዬ ሳልነግር፣ ሰው ሳልሰበስብ፣ ሰቨን ሲስተርስ ሄድኩ። ጎህ አልነበረም፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነው። በሩን የከፈተችልኝ እትዬ ያዋሷትን የበረዶ ሱሪ ለብሳ ነው፤ እየለካችው ነበር። ስትራመድ ሱሪው ይንሿሿል። “ወፈርኩ መሰለኝ፣ ነይ እስኪ ጀርባውን እይልኝ” አለችኝ።

“ቁጭ በይ” አልኳት።

ቁጭ ከማለቷ በፊት ገባት። አገራችን እንዲህ ነው፤ ያልተጠራ ሰው በሥራ ቀን መጥቶ ቁጭ በይ ካለሽ ነገሩ አንድ ነው። “አባባ?” አለችኝ።

“አዎ።”

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። አልወደቀችም፣ አልጮኸችምም። “መቼ?”

“ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ።”

“አንቺ መቼ ሰማሽ?”

“ሐሙስ።”

በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። “ሻንጣዬን ስትመዝኚልኝ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“ቤተ ክርስቲያን?”

“አዎ።”

“ትናንት ወዲያ፣ በረዶው ላይ ወድቄ ስስቅ?”

“አዎ።”

“አንቺም እኮ ሳቅሽ” አለችኝ።

ለእርሷ ብለን እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ቆማ የበረዶውን ሱሪ አወለቀች፣ እጥፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ለቅሶዋን የሰማሁት በበሩ በኩል ነው። ገብቼ ልይዛት አልደፈርኩም። መርዶ ብቻዋን እንዳትሰማ አደራ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ እዚያው ቆሜ ብቻዋን አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሰው ሰብስበው መጡ። ቤቱ ሞላ፣ ተለቀሰ። ጉዞውን ልጄ ካንስል አደረገችው። ጓደኛዬ ለአርባው ደሴ ሄደች። ከመሄዷ በፊት እትዬ ጉልበቷን ስመው ይቅርታ ጠየቋት፤ “ለእኔ ብለው ነው” ብላ አነሳቻቸው። እኔንም ለእኔ ብለሽ ነው አለችኝ፣ በዚያው ድምፅ። ልጄ ግን ብቻዋን ሄዳ ስልኩን ምን እንዳደረገችው ዘርዝራ ነግራታለች። ያጠፋቻቸውን ዘመዶች ሁለቱ አብረው ተቀምጠው አንድ በአንድ መለሷቸው።

ከተመለሰች አራት ወር ሆኗታል። አልተጣላንም፤ እንገናኛለን፣ አብረን እንበላለን። ስደውልላት ግን እንደ ድሮው “እንደምን ነሽ” አትለኝም። መጀመሪያ ዝም ብላ ድምፄን ታዳምጣለች። ከዚያ “ምን ተፈጠረ?” ትለኛለች።

“ምንም። ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።”

“ማርያምን በይ።”

ማርያምን እላለሁ። ትንሽ እናወራና እንዘጋለን። ብዙም ሳይቆይ ከጎን ካለው ክፍል የልጄ ስልክ ይጮኻል። “ኖ፣ አንቲ” ትላለች ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ “እውነቷን ነው።”