ሳይረኑ ሲጮህ ሱቁን ማን ይጠብቃል?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ

የተነሳሁት ወንድሜን ላመጣ ነው። ለሽርሽር ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እናቴ ልካኝ ነው። የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ ስወጣ የአፓርታማችን በር ላይ ቆማ፣ "ሄደሽ አምጪልኝ" አለችኝ። "እምቢ ካለሽ፣ እናትህ ታማለች በይው።"

"ታመሻል እንዴ?"

"እሱ እዚያ ጫካ ውስጥ ከከረመ መታመሜ ይቀራል?"

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ኮምቦልቻ፣ ገበያ ዳር በነበራት ትንሽ ሱቅ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች ነው እኔንና ወንድሜን ሙክታርን ያሳደገችን። ቶሮንቶ ካመጣናት ወዲህ ሱቅ የላትም። እኔ ጋ፣ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ዳር ተቀምጣ ትውላለች። እጇ አላርፍ ሲላት የወጥ ቤቴን ቁም ሳጥን በሙሉ እንደ ሱቅ መደርደሪያ አሰናድታዋለች፤ እሷን ካላስፈቀድኩ ሩዝ እንኳ አላገኝም። ሥራ ስሄድ ደግሞ ስልክ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አንዱን ሽማግሌ ከአልጋቸው ላነሳ ስል ኪሴ ይንቀጠቀጣል። "ዘሀራ፣ በላሽ? እዚያ ዘነበ? መቼ ትመጫለሽ?" ሥራ ቦታ የእኔን ስም የማያውቁት ሁሉ እናቴን ያውቋታል።

ሙክታር እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ እያለ ትራክ ይነዳ ነበር። ያጠራቀመውን ይዞ ሄደና ከቶሮንቶ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ያለው ሱቅ ገዛ። እናቴ የከተማዋን ስም ለመያዝ ፈቃደኛ አይደለችም፤ "ጫካው" ነው የምትላት። እኔም እዚህ ጫካው እላታለሁ። አሁን የአጎታችን ልጅ እዚሁ ሰፈራችን፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ሙክታርን በሽርክና ይፈልገዋል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ መልስ ስጡኝ ብሏል። እናቴ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይመጣም ባይ ናት። እኔም ያን ዕለት ጠዋት ሐሳቤ ከእሷ ጋር ነበር።

መንገድ ላይ

401 አውራ ጎዳና ቅዳሜም አያርፍም። እስከ 115 መገንጠያ ድረስ በትራክ መሀል ተጨናንቄ ሄድኩ። ፒተርቦሮን ካለፍኩ በኋላ ግን መንገዱ ጠበበ፣ መኪናው ሳሳ፣ እኔም ትከሻዬን ለቀቅ አደረግኩ። የሜፕሉ ዛፍ ቅጠል መቅላት ጀምሯል። መንገዱን ለመሥራት የፈለጡት ድንጋይ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ነው። አንዱ ሐይቅ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ነዳጅ አልሞላሁም፤ ወንድሜ ማደያ እያለው ምን ቆርጦኝ!

አንድ የገበሬ ደጅ ላይ ፖም በከረጢት በከረጢት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አየሁና ቆምኩ። ከረጢቱ ስድስት ዶላር ይላል፤ ሻጭ ግን የለም። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ተቸንክሯል። ግራ ቀኝ ተገላመጥኩ። እናቴ ብታይ "ባለቤቱ ምን ነካው?" ነበር የምትለው። ገንዘቡን ከትቼ፣ ፖሜን ይዤ ስሄድ ራሱ የሰረቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ግማሽ ክብ ሰሌዳ አለ፤ ቀስቱ በዕለቱ እሳት የመነሳት ስጋቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ያን ቀን አረንጓዴው ላይ ነበር። እኛ ከቤት ስንወጣ ዝናብ ይኖር ይሆን እንላለን፤ እዚህ የሚጠየቀው እሳት ነው።

ጫካው

ጫካው አንድ መንገድ ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የሙክታር ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት እሳት አደጋ ጣቢያ። ጣቢያው ሁለት ሰፋፊ በር ያለው የቀይ ጡብ ቤት ነው፤ የአደጋ ጥሪ የሚያሰማው ሳይረን ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል። ጡቡን ልብ ብዬ ሳየው እዚህም እዚያም ጥላሸት የጠጣ አለ። ወይ ጉድ፣ እሳት አደጋው ራሱ ተቃጥሎ ነበር እንዴ?

"እትዬ!" ብሎ ሙክታር እየሮጠ ወጥቶ አቀፈኝ። ወፍሯል፤ አምሮበታል። ወገቡ ላይ ፔጀር፣ የጥሪ መቀበያ፣ ታጥቋል፤ የመኪናው መስታወት ሥር አረንጓዴ መብራት ተቀምጧል።

"ይሄ መብራት ምንድን ነው? ሰርግ አለብህ?"

ሳቀ። ከዚያ እናቴ ከቶሮንቶ የምትሰማው ይመስል ድምፁን ቀነስ አደረገ። "እሳት አደጋ ውስጥ ነኝ። የውኃውን መኪና እነዳለሁ። እዚህ ያለነው ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነን፤ ሳይረን ሲጮህ ከየሥራችን ነው የምንሮጠው። አረንጓዴ መብራት ያየ ሰው መንገድ ይለቅልናል።"

"እሳት ውስጥ ትገባለህ?"

"በአላህ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት።"

ክው አልኩ። ሴትዮዋ ድብ እንዳይበላው ስትጨነቅ ልጁ እሳት እያሳደደ ነው! መልእክቷን ወዲያው ልነግረው አፌን ስከፍት "መጀመሪያ ብይ" ብሎ ከሱቁ ጀርባ የሠራውን ሩዝ በሥጋ አቀረበ። ሁለት ጊዜ ጎረስን። ፔጀሩ ጮኸ፤ ተከትሎ ሳይረኑ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሙክታር ማንኪያውን ጥሎ ወጣ። ቁልፍ አልሰጠኝም፣ ይሄን አድርጊ አላለኝም፤ በሩን እንኳ አልገፋውም።

በዚያው በር ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊት በቤት ስሊፐር፣ ከዘራ ይዘው ገቡ። "እህቱ ነሽ" አሉኝ። እሳቸው ዶሪን ናቸው፤ ሱቁን ለሙክታር የሸጡለት ሴትዮ፤ ቤታቸው መንገዱን ተሻግሮ ነው። እሱ "እማማ ዶሪን" ይላቸዋል፤ "እማማ" ሲባሉ ይዞራሉ። ባንኮኒው ጀርባ ካለው ረጅም ወንበር ላይ በግድ ወጥተው ተቀመጡ። "ውኃ ጣጂ፤ ሰው ይመጣል።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ቤቱ የተቃጠለበት።"

የእማማ ዶሪን ወሬ

ውኃው እስኪፈላ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ለማውራት ሰው አያስለምኑም። በልጅነታቸው ጫካው ውስጥ ትልቅ እንጨት መሰንጠቂያ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እሳት ተነሳና ከሐይቁ በባልዲ እየተቀባበሉ ቢረባረቡም ግማሹን መንገድ ይዞት ሄደ። የጎረቤት ከተማ እሳት አደጋ ሲደርስ የቀረው የመሰንጠቂያው ጭስ ማውጫ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ፓይ፣ የፍራፍሬ ኬክ፣ እየጋገሩ ሸጡ። ወንዶቹ አሮጌ የወተት መኪና ገዝተው የውኃ ታንከር በየዱበት። ጭስ ማውጫውን አፍርሰው በዚያው ጡብ ጣቢያውን ሠሩት። ጥላሸት የጠጡት ጡቦች እነዚያ ናቸው።

"የቀለም ገንዘብ አልነበረንም" አሉ እየሳቁ። "መጀመሪያ እሳት ልናጠፋ የሄድነው ጎኑ ላይ ላም በተሳለበት መኪና ነው።"

ያኔ እሳት የተነሳበት ሰው የሚደውለው እዚህ ሱቅ ነበር። ባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ላይ የስልኩ ብሎን ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ። ስልኩ ሲጮህ የሱቁ ሰው ያነሳል፣ ሳይረኑን ያስጮኻል፣ ወንዶቹ ይሮጣሉ። ስለዚህ ሱቁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እማማ ዶሪን ሲያገቡ ሰርጋቸው የተደገሰው እዚሁ፣ በብስኩትና በሞተር ዘይት መደርደሪያ መሀል ነው፤ ስልኩ እንዲሰማ። ዛሬ ጥሪው ከሩቅ በፔጀር ስለሚመጣ ስልኩ ተነስቷል። ሱቁ ግን ሳይረን እየጮኸ አይዘጋም።

"ለምን?" አልኩ። "ሙክታር ቆልፎ ቢሄድስ?"

እንደ ሞኝ አዩኝ። "ሰውየው ቤቱ እየነደደ የት ይቁም? በረዶ ላይ?"

ዕድር ነው በሉኛ! ድንኳኑና ወንበሩ የለም እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት መኪና አንዲት ወጣት እናትን ከነሕፃኗ አደረሰ። ዘይት ምድጃ ላይ ረስታ ነው። ብርድ ልብስ ለብሳለች። እማማ ዶሪን ምንም አልጠየቋትም፤ ወንበር አሳዩዋትና አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ ከወንድሜ ጓዳ ቅርንፉድ ፈልጌ ሻይ አፈላሁላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አሽትታ፣ "ምንድን ነው፣ ደስ ይላል" አለች። በመሀል ዳቦ ፈላጊ ገባ፤ ራሱ አንስቶ፣ ሒሳቡን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ሙክታር ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ወጣቷ እናት ነው። "ወጥ ቤቱ ነዷል፤ ቤትሽ ግን ቆሟል" አላት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አግብቶኝ እንደሆነ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ

ልጅቷን እህቷ መጥታ ከወሰደቻት በኋላ ከሱቁ ደጅ ተቀምጠን የእናቴን መልእክት ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን የቀዘቀዘ ሩዙን እየበላ "እሺ በያት" አለኝ።

"እሺ ምን?"

"እመጣለሁ። እማማ ዶሪን በረዶ ሳይጥል ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው፤ እግራቸው እምቢ ብሏል። ሌላው ሰው ቀን ቀን ወይ ከተማ ለሥራ ይሄዳል፣ ወይ ከእኔ ጋር መኪናው ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ለምኜ አጣሁ።"

"አንተ ተቀመጥ። ሌላ ይንዳ።"

"ቀን ላይ ሌላ ነጂ የለም። ማዘጋጃ ቤቱም የቀን ሰው ካነሰ ጣቢያውን ዘግተን ለጎረቤት ከተማ እንሰጣለን ብሏል።" ወደ ጣቢያው አየ። "እትዬ፣ ሳይረኑ እየጮኸ ቁጭ ብዬ ሒሳብ መቀበል አልችልም። ሰውን ደግሞ ደጅ ላይ አላቆምም። ስለዚህ እሸጠዋለሁ። እናቴም ደስ ይበላት።"

የመጣሁበት ጉዳይ ተሳካ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለኝም።

እሑድ ጠዋት ጣቢያውን ከፍቶ አስገባኝ። ላሟ የተሳለችበት መኪና ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። ጥላሸት የጠጣውን ጡብ በጣቴ ነካሁት፤ ምንም አይለቅም። እማማ ዶሪን ስሰናበታቸው "ከእኔ በኋላ ለሚቀመጠው ብዬ ለወንበሩ ትራስ ልገዛለት እያሰብኩ ነበር" አሉኝ። ሙክታር ነዳጁን ሞላልኝና ሸኘኝ። እስከ 401 ድረስ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

እሑድ ከሰዓት፣ ክሬሰንት ታውን

እናቴ ከሊፍቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ይመጣል?"

"ይመጣል።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ከዚያ አየችኝ። "ታዲያ ፊትሽን ምን አጠቆረው?"

መደበቅ አልሆነልኝም። እሳት አደጋውን፣ ጡቡን፣ ልጅቷን፣ ሻዩን፣ እማማ ዶሪንን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሳት ስል ደረቷን ያዘች፤ ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ካመጣሁት ፖም አንድ አንስታ ትልጥ ጀመር። ልጣጩ ሳይበጠስ እስኪወርድ ጠበቀችና፣

"ሥራው ሻይ ማፍላትና መቀመጥ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ሱቅ ውስጥ።"

"እማዬ፣ አይሆንም! ብርዱ አለ፣ ጉልበትሽ አለ። እንግሊዝኛሽስ?"

"ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው?" አለችኝ። "እኛ ሰፈር ኡኡ ሲባል ቤቱን ዘግቶ የሚወጣ ነበር? እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ የስንቱን ቤት ጠብቄለታለሁ! እዚህ መስኮት ላይ ምን እየጠበቅኩ ነው?"

የአጎታችንን ልጅ ሌላ ሸሪክ ፈልግ አልነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መንገድ ይዣት ሄድኩ። ሙክታር ሲያያት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማማ ዶሪንና እሷ በአንድም ቃል ሳይግባቡ ስኒውን፣ ውኃ ማፍያውን፣ የብስኩት ቆርቆሮውን ተረካከቡ። እናቴ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ወረደችና መደርደሪያውን እንደ አዲስ መደርደር ጀመረች። አምጪልኝ ያለችኝን ሳላመጣ እሷኑ አድርሼ ባዶ መኪና ይዤ ተመለስኩ።

አሁን ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ ሩዙንም ማንንም ሳላስፈቅድ አነሳለሁ። ዳንፎርዝ ላይ ሳይረን ሲያልፍ ድሮ የቲቪውን ድምፅ ነበር የምጨምረው፤ ዛሬ ቤቱ የነደደበት ሰው የት ሊቀመጥ ይሆን እላለሁ። ከጉዞው ያተረፍኩት ይሄን ነው።

ሥራ ቦታ ኪሴ አይንቀጠቀጥም። ማክሰኞ ናፍቃኝ እኔው ደወልኩላት።

"እማዬ፣ በላሽ? እዚያ ዘነበ?"

"ዝጊው ዘሀራ" አለችኝ፤ ከኋላዋ ውኃው ሲንተከተክ ይሰማኛል። "ሳይረኑ ጮኋል፤ ሰው ይመጣል።"

ዘጋችብኝ።