በሁዳዴ የመረጥኩት ወናፍ

ባሌ ከቡሬ ገበያ ሲመለስ ጉንጩን ወጥሮ ነበር የገባው። ጥርሱን ያመመው መስሎኝ የያዝኩትን ጭቃ ጥዬ ተነሣሁ። እሱ ግን አጠገቤ እስኪደርስ ጠበቀና ትንፋሹን ፊቴ ላይ ለቀቀው።

“እንዲህ ነው የሚያደርገው!” አለኝ።

“ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው?”

“የጣሊያኑ መኪና ነዋ!”

ጊዜው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት፣ መንገዱንም በማንኩሳ በኩል የሚደለድልበት ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለውን ከተማ ያኔ ወጀት እንለው ነበር። እኛ የምንኖረው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ቁልቁል ከሚታይበት ጉብታ ላይ ነው። ባሌ ቀጥቃጭ ነው፤ እኔ ሸክላ እሠራለሁ፤ እሱ ብረት ሲያግል ደግሞ ወናፉን የምነፋ እኔ ነኝ። ወናፋችን ሆዱ ሳይቀደድ በሙሉው ከተገፈፈ የፍየል ቆዳ የተሠራ ነው። ሁለት ቆዳ ጎን ለጎን ይተኛል፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጅ እያነሡ ሲጫኑት ትንፋሹ በሸክላ አፍንጫ አድርጎ ከሰሉ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቱ “ቡዳ ናቸው” እያለ ይፈራናል፣ ልጁንም ከደጃችን ያሸሻል። ማረሻው የዶለዶመ ዕለት ግን ከዶሮ ቀድሞ የሚነሣ፣ ደጃችንን የሚያንኳኳ እሱው ነው።

በዚያ ሰሞን ወናፋችን ሞቶ ነበር። አንደኛውን ቆዳ የእሳት ፍንጣሪ አርፎ በሳው፤ ሁለተኛው ደግሞ መጣፊያ በመጣፊያ ላይ ተደራርቦበት ከቆዳው መጣፊያው በልጦ ነበር። ችግሩ ጊዜው ሁዳዴ መሆኑ ነው። ጾሙ ገና መጋመሱ ነው፤ እስከ ፋሲካ በአካባቢው አንድ ክርስቲያን ፍየል አያርድም። እርሻው ግን ጾም አያውቅም። የገበሬው ማረሻ ዳሳችን ውስጥ እንደ እንጨት ተቆልሎ ተራውን ይጠብቃል። ባሌም ቡሬ የወረደው ቆዳ ሊፈልግ ነበር። ቆዳ አላገኘም፤ ያገኘው መኪና ነው።

“በርሜል አለው” አለ፣ በእጁ አየሩን እያቀፈ። “በርሜሉ ላይ ሞተር ተቀምጧል። ሞተሩ ነፋስ እየጠጣ በርሜሉን ይሞላዋል። ከዚያ ነፋሱን በጎማ ቱቦ ለቅቀው ዓለት ይበሱበታል፤ የጭነት መኪናቸውን፣ የካሚዮኑን፣ ጎማ ይነፉበታል። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ነፋሱ በርሜሉ ውስጥ ያድራል!”

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሯል። “ያደረ ነፋስ ምን ይረባል? ይሸታል እንጂ” አሉ።

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያኔ ነው ነገሩ ከወሬ ማለፉ የገባኝ።

ባሌ መኪናውን ሲዞር አንድ ፈረንጅ መካኒክ አይቶት፣ መዶሻ ሰጥቶ አስመትቶት ነበር። አመታቱን ወዶለት በአስተርጓሚ “ከእኛ ጋር ሥራ” ብሎታል። በሚመጣው ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሚዮኑ ከወጀት ወደ ቡሬ ሲያልፍ፣ ከጉብታው ሥር ጥሩንባ ነፍቶ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል።

“ለምን አልሄድ?” አለኝ። “እዚህ ወናፍ የለኝ፣ ቆዳ የለኝ። ደግሞ እዚያ ወናፍ የሚነፋ ሰው አያስፈልግም። አንቺም ክንድሽ ያርፋል።”

ይህን ያለኝ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። በክፋት ብሎት ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

አማቴ “ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ገባች” ብለው ተረቱበትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ፈራሁ። ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ነበር። ጣሊያን ሠፈር ገብቶ የሚያድር ሰው ስሙ ባንዳ ነው፤ እንጀራ ፈልጌ ነው ቢል የሚሰማው የለም። ባሌ ቡሬ ቢገባ ወይ ወንድሜ ይገድለዋል፣ ወይ እሱ ለወንድሜ መግደያ ያበጃል። ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል ብዬ ባስብ አንዱንም የምመርጠው ሆኖ አላገኘሁትም።

ባሌን እንደ አገሩ ወግ አንቱ ነበር የምለው። የተናደድኩ ዕለት ብቻ አንተ ይሆናል፤ እሱም ያን ጊዜ ዝናብ እንደመጣበት ሰው መጠለያ ይፈልጋል። ያን ዕለት ግን ንዴቴን ዋጥኩና፣ “እስከዚያ ቅዳሜ ወናፍ ባገኝልዎስ?” አልኩት።

“በሁዳዴ?”

“በሁዳዴ።”

ሳቀ። “የሚያሠራኝ ነፋስ ካመጣሽ እቀራለሁ። ብቻ ትልቅ ይሁን። የሸማኔው አውራ ፍየል የሚያህል!”

ሸማኔው እስላም ነው፤ ማንኩሳ ጥግ ይኖራል። ሰው የእሱን ሸማ ይለብሳል፣ እሱን ግን ከደጁ አያሳልፈውም፤ በዚህ ከእኛ ጋር እኩያ ነው። ልጁን ሊድር ለሠርጉ ፍየል እንደሚያርድ ሰምቼ ነበር። እኔም ለሠርጉ የሚሆን እንስራና ድስት ልሠራላቸው፣ እነሱም ሥጋውን ለእንግዳቸው፣ ቆዳውን ለእኔ ሊያደርጉት ከሚስቱ ጋር ተስማማን።

ከመሄዴ በፊት አማቴን ምን ዓይነት ልምረጥ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባላቸው ወናፍ ሲነፉ የኖሩ ናቸው፤ አንድ ትከሻቸው ዛሬም ዝቅ ያለ ነው።

“ወንድ የወናፍ ትልቁን ነው የሚወድ፤ የሚነፋው እሱ አይደለማ” አሉኝ። “ትልቁን ወናፍ ሁለቴ ከነፋሽ አንዴ ታርፊያለሽ። አንቺ ስታርፊ ብረቱ ይበርዳል፤ ብረቱ ሲበርድ ባልሽ ቀና ይላል፤ ቀና ያለ ወንድ ደግሞ ያስባል።”

ይህን ይዤ ሄድኩ።

አውራው ፍየል በእርግጥ ግርማ ነበረው። በረቱ መሐል እንደ ባላባት ቆሞ ጢሙን ያወዛውዛል። ሽታው ግን ከእኔ ቀድሞ ሰላምታ ሰጠኝ። ቆዳውን ቆንጥጬ አየሁት፤ ወፍራም ነው። ጎኑን ስዳብሰው ግን በቀንድ የተወጋበት ጠባሳ በጠባሳ ነው። ወናፍ ሲፈነዳ የሚጀምረው ከጠባሳ ነው። ከኋላው ሁለት ቀጫጭን ሴት ፍየሎች ነበሩ፤ ወልደው የማያውቁ መካኖች። ያልወለደች ፍየል ሆዷ አልላላም፤ ቆዳዋ ከአንገቷ እስከ ጭኗ አንድ ዓይነት ነው። ክንዴን ከጀርባቸው በላይ ዘርግቼ ለካሁ። እያንዳንዳቸው ለአንድ እጅ ልክ ነበሩ።

“እነዚህን” አልኩ።

“እታለም፣ አውራውን ተይና እነዚህን ኮሳሶች ነው የምትይ?” አለች የሸማኔው ሚስት። “እንግዳዬ ምን ይበላል? አጥንት ልቁጠርለት?”

“እነሱንም አውራውንም እረዱ። የአውራውን ቆዳ ለሌላ ስጡልኝ።”

“ጉድ ነው! የሠርጋችንን ፍየል የሚመርጥ ወናፍ ሆነ!” ብላ ሳቀች፤ ግቢው ሁሉ አብሯት ሳቀ። በእርዱ ዕለት ሌላው ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ቢላዋውን ስጠብቅ ዋልኩ። ቆዳው በአንገት በኩል እንደ እጀ ጠባብ ተገልብጦ መውጣት አለበት፤ ቢላዋ ትንሽ ከሳተ ወናፍነቱ አበቃ። ሸማኔው በስተመጨረሻ፣ “አንቺ ሴት፣ ዓይንሽን ካላነሣሽልኝ እጄ ይንቀጠቀጣል” አለኝ።

ቆዳውን ይዤ ስመለስ ደግሞ ማረሻቸውን የሚጠብቁት ገበሬዎች ማጉረምረም ጀመሩ። በእስላም ቢላዋ የታረደ ፍየል የነፋው ማረሻ መሬታችንን ምን ሊያደርገው ነው አሉ። ነገሩ ሳይባባስ ብዬ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ቄሱ ራሳቸው ገበሬ ናቸው።

“ሥጋውን በልታችኋል?” አሉኝ።

“ኧረ አባ፣ አልቀመስንም።”

“ነፋሱን ማን ፈጠረው?”

“እግዜር።”

“እንግዲያ ሸማኔው ያረደው ፍየሏን ነው፤ ነፋሱን አላረደውም። ሂጂ፣ ንፊ ብለውኛል በያቸው።” ልሳለም ጎንበስ ስል መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ጨመሩ፤ “የእኔ ማረሻ ከቁልሉ ሥር እንዳይረሳ ደግሞ፣ ልጄ። መጀመሪያ ይሁን።”

ከዚያ ቆዳውን ማልፋት ነበር። ፋቅሁት፣ አሸሁት፣ ረገጥኩት። እንዲለሰልስ ቅቤ ይፈልጋል። እኛ በተልባና በሱፍ ፍትፍት ስንኖር ወናፉ በየቀኑ ቅቤ ይበላ ጀመር። አንድ ቀን አማቴ እጄን ይዘው አሸተቱና፣ “በሁዳዴ! አንቺ ልጅ!” ብለው ጮኹ።

“የገደፈው ወናፉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እናቴ።”

ቆዳውን አዩት። አጠገቤ ተቀመጡና፣ ዝቅ ባለው ትከሻቸው አንዱን ቆዳ ወስደው ማሸት ጀመሩ።

ባሌ የተሠራውን ወናፍ ሲያይ አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለ። “ይህ ወናፍ ነው ወይስ የሕፃን ስንቅ መያዣ? ትልቅ ይሁን ብዬሽ አልነበረም?”

“ቅዳሜ ያዩታል” አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የታጠበ ኩታውን ለብሶ፣ ትንሽ ጓዙን በር ላይ አስቀምጦ ነበር። “ካሚዮኑ እስኪመጣ የቄሱን ማረሻ ልጨርስ” አለ። ማረሻው ጫፉ አልቆ ስለነበር ከአንድ ከተሰበረ ካሚዮን የተገኘ የባሌስትራ ብረት ቁራጭ ሊያጣብቅበት ነው። ኩታውን አውልቆ ብረት ከሚቀጠቅጥበት መስፍ አጠገብ ተቀመጠ። እኔም ወናፉ መሐል ተቀመጥኩ።

“ንፊ” አለ።

ነፋሁ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። መካኖቹ ፍየሎች ጉድ ሠሩ። አንደኛዋ ሳትጨርስ ሁለተኛዋ ትጀምራለች፤ መሐላቸው ክፍተት የለም። ከሰሉ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ባሌ አንዴ ወናፉን፣ አንዴ እኔን አየና ቅንድቡን አነሣ። በቅንድቡ መነሣት ከመጠን በላይ ደስ አለኝ።

ከዚያ ከጉብታው ሥር የካሚዮኑ ጥሩንባ ተሰማ።

ባሌ አንገቱን አላነሣም። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ትቶ አይነሣም፤ ስለዚህ ብረቱ እንዳይበርድ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ባለኝ ኃይል ሁሉ ነፋሁ። ክንዴ ከትከሻዬ የሚገነጠል መሰለኝ። ከእሳቱ ውስጥ ነጫጭ ፍንጣሪ እየተንጣጣ ይወጣ ጀመር። ጥሩንባው እንደገና ጮኸ፣ አሁን ረዘም አድርጎ። ባሌ እሳቱ ላይ እንዳቀረቀረ ማረሻውን በጉጠት አገላበጠው።

“ንፊ” አለ፣ ቀስ ብሎ።

ነፋሁ። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ጢሱ ነው እንዳልል ከሰሉ አይጨስም። ካሚዮኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሳይጮህ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ወደ ቡሬ እየራቀ ሄደ። እኔ ግን መንፋቴን አላቆምኩም፤ አማቴ መጥተው ሁለቱን እጆቼን እስኪይዙኝ ድረስ።

“ተይ ልጄ። ሄዷል” አሉኝ።

ወደ ማታ፣ እሳቱ በርዶ ስንቀመጥ፣ አፌ አላርፍ አለ። ጓዙ አሁንም በር ላይ ነው፤ እኔ ግን በድሌ ሰክሬያለሁ። “ካሚዮኑን አስመለጥኩዎ! አውራውን ፍየል መርጬ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ሳርፍ እርስዎ ተነሥተው ሄደው ነበር። ብረቱን አላበርድ ብዬ ያዝኩዎ!”

ባሌ ተነሥቶ የቄሱን ማረሻ ብረት ከሚያቀዘቅዝበት የውኃ ገንዳ ውስጥ አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ጫፉ የለም። ባሌስትራው ከነ ማረሻው አፍ ነድዶ፣ አይጥ እንደበላው ዳቦ ተሸራርፎ ነበር።

“ከመጠን በላይ ነፍተሽ አቃጠልሽው” አለኝ። “ከመጀመሪያው ጥሩንባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው የተቃጠለ።”

ማረሻውን አየሁት። እሱን አየሁት። “ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ሲያገላብጡ ነበር? ለምን ንፊ አሉኝ?”

“ክንድሽን እያየሁ ነበር” አለ። “ያ መኪና ቀኑን ሙሉ ቢነፋ፣ እኔ እንድቀርለት ብሎ አይደክምም” አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ጓዙን ከበር ላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ ያስገባው። ለቄሱ ሌላ ማረሻ አበጀንላቸው፤ የመጀመሪያው የት ገባ ብለው ሲጠይቁ አማቴ “ጾም ገደፈ” አሏቸው። እኔ የዚያን ዕለት ማታ ክንዴ ከጉልበቴ በላይ አልነሣ ስላለኝ፣ እራቴን ያጎረሰኝ ባሌ ነው።