ወገቧን የታጠቀች መኪና

ወንድም ጋሼ በያጅ ነው። የሰፈራችን የብረት በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ ሁሉ የእጁ ሥራ ነው። ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ባወድሰው ለዘመድ አደላች ይባል ይሆናል፤ ይባል። ለሰፈሩ ሁሉ በር የሚገጥም ሰው የገዛ መኪናው በር እምቢ ሲለው ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን ባልጽፈው ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ይቀር ነበር።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ ይፎክራል፤ ወገቧ ግን ልል ነበር። ጣሪያ የሌላት መኪና ክዳኑን ያነሡት የጫማ ካርቶን ማለት ናት፤ ጥግና ጥጉን ይዘው ቢጠመዝዙት እሺ ይላል። ባለፈው ወር አደባባዩን ስትዞር በሩ በራሱ ጊዜ ተከፈተና፣ የወንድሜ ሚስት ጭኗ ላይ የያዘችው የደንበኛ ቀሚስ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ልብስ ሰፊ ናት። ቀሚሱን አንሥታ አራገፈችና በእግሯ ወደ ቤት ገባች።

«አንድ ዕድል እሰጥሃለሁ» አለችው። «እሑድ አደባባዩን ታዞረኛለህ። በሩ ከተከፈተ ትሸጣለች። ባል በመኪና፣ ሚስት በእግር የሚሄዱበት ትዳር አላውቅም።»

«ካልተከፈተስ?»

«ያኔ እናያለን።»

ወንድም ጋሼ ሳምንቱን ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ ሰነበተ። ከኮፈኑ ሥር ግራና ቀኟን የሚያያይዝ አንድ ዘንግ፣ ከሆዷ ሥር ደግሞ ተመሳቅለው ሻንሲዋን የሚወጥሩ ሁለት ሌሎች። ቅዳሜ በክሪክ አነሣት፣ መሐሏን ግንድ አስደገፈ፣ አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ተንጠልጥለው እሱ ከሥር ተኝቶ ብሎኖቹን አጠበቀ። እኔ መፍቻ አቀባይ ነበርኩ።

«ከእንግዲህ ዝሆን ቢጠመዝዛትም ንቅንቅ አትል» አለኝ ከሥር። አመንኩት።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ መጣች። ገብታ በሩን ሳበች። አልዘጋ አለ። ደገመችው፤ ጠርዙ ከመቃኑ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

«አይ አንተ ሰውዬ» አለች። «ድሮ በራሱ ይከፈት ነበር፤ አሁን ጭራሽ መዘጋቱንም ተወው። ይኸም ለውጥ ነው።»

ወንድም ጋሼ ማጠፊያውን ፈተሸ፣ መቆለፊያውን ፈተሸ። በር ሠሪ አይደል፤ ጥፋቱን የሚፈልገው በሩ ላይ ነው። ላቡ ጆሮው ሥር እየወረደ ሞረድ እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

«ቆይ እስቲ» አለችው። «እነዚህን ብረቶች ያሰርክባት በእግሯ ቆማ ነው ተንጠልጥላ?»

«ተንጠልጥላ ነዋ። ታዲያ እንዴት ብዬ ከሥሯ ልገባ?»

«እኔ ደንበኛዬን ጣሪያ ላይ ሰቅዬ ወገቧን ብለካ፣ ስትወርድ ቀሚሱ ይሆናታል?»

ወንድም ጋሼ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ጀመር። ለካ መሐሏን ሲያስደግፋት ፊትና ኋላዋ በክብደታቸው ወደ ታች ዘንበል ብለው ኖሯል፤ ወንድሜ ያንን ጉብጠቷን ነው በብረት ያሰረላት።

«የኔ ወርቅ፣ ብየዳ ቤት አትገቢም?»

«ጥፍሬን ማን ይጠብቅልኛል።»

ብሎኖቹን ሁሉ አላላቸው። ጎማዎቹን ሰፋፊ ጥርብ ድንጋዮች ላይ አሳረፍናቸውና በራሷ እግር ቆመች። ሚስቱ «የኔም ክብደት ይቆጠርልኝ» ብላ ከወንበሩ ንቅንቅ አልል አለች። መኪናዋን እስክትደላደል አወዛወዝናት። ከዚያ ወንድሜ ከሥር ገብቶ እንደገና አጠበቀ። ሲወጣ በሩን በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ጠቅ ብሎ ገጠመ። ፈተናው ግን አደባባዩ እንጂ ግቢው አይደለም።

ከበራችን ሆኖ አደባባዩ ይታያል። ወንድሜ እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። መኪናዋ ሳትንገዳገድ፣ ከመሬቱ ጋር ተጣብቃ ዞረች። በሩም እንደተዘጋ ነው። ተመልሰው ሲመጡ ይቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልፈውኝ ሄዱ።

«አንድ ዙር አልነበር እንዴ የተባባላችሁት?» አልኩ ሁለተኛውን ጨርሰው በአጠገቤ ሲያልፉ።

«አንቺ ቁርስሽን ብዪ» አለችኝ ሚስቱ።

በሦስተኛው ጭራሽ አልተመለሱም፤ ከአደባባዩ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ትሸጣለች የተባለችው ያቺ ናት?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ባለቤቶቿ ሲመለሱ ጠይቂያቸው» አልኳት።

ለምሳም አልመጡ።