የኅዳር ማርያም አምባዛ

እናቴ ቤት በር ላይ አውራ ጣት የምታህል አሮጌ ቃጭል ተንጠልጥላለች፤ በሩ ሲከፈት ወይም ንፋስ ሲነካት ቅጭል ትላለች። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የሐይቅ ጭቃና የዓሣ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፣ ወዲያውም ፊቴ ይቃጠላል። የልጆች እናት ሆኜ እንኳ አልተወኝም። ደግነቱ ሰው ሲያየኝ የሞቀኝ መስሎት «መስኮቱን ልክፈተው?» ይለኛል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ያደግሁት መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ አንዲት የውሃ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባበት ምናለሽ ተራም ከየጦር ሰፈሩ በወጣ ብረት፣ በጥይት ሳጥንና በተሰባበረ የመኪና አካል ተሞልቶ ነበር። አባቴ እዚያ ብረት ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ቤት በጅምላ በገዛው ዕቃ መካከል አምስት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ተገኙ፤ ጎረቤቶቹ ነጋዴዎች «የመጋረጃ ዘንግ ነው ብለህ ሽጠው» እያሉ ሲስቁበት እሱ ግን አቅፎ ቤት አመጣቸው። ተወልዶ ያደገው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነውና ሌላው መጋረጃ ሲታየው እሱ ውሃ ይታየው ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ የመርካቶ ጭቃ ቁርጭምጭሚት እየዋጠ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ አባቴ ደጃፋችን ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ ከቧንቧ ቁራጭ የዘንግ መትከያ እየቆረጠ፣ መንጠቆ እየሞረደ፣ ከበግ ነጋዴ የለመናቸውን ትንንሽ ቃጭሎች በየዘንጉ ጫፍ እያሰረ ይውል ነበር። እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ «ሰው ብረት ሸጦ ቤት ይሠራል፣ የእኔ ባል መጫወቻ ይሠራል» ትለው ነበር፤ እሱም «ዓሣው ሲነክስ ማን ይንገረኝ? አንቺን ጫፉ ላይ አላስርሽ!» እያለ ያስቃት ነበር። ያኔ ይሳሳቁ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ቅዳሜ ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ ዝዋይ ይወርድና እሑድ ይመለስ ነበር። በዘንግ የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ አምባዛ ነበር፤ ያ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ጥቁር ዓሣ። በእኛ ግቢ ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው፣ ስሙ እንኳ ማዕድ ላይ አይነሣም። አባቴ በአምባዛ ያደገ ሰው ቢሆንም ይህን ስለሚያውቅ የያዘውን እዚያው ሐይቁ ዳር ለመረብ አጥማጆች ይሰጥና በምትኩ ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ ተቀብሎ ይመጣ ነበር። በጾም ወራት ግቢው ሁሉ ከእኛ ቆሮሶ ይቀምስ ነበር፤ «አቶ ተፈራ እጁ ብሩክ ነው» ይባልልንም ነበር።

እናቴ አስካለ ይህ መልካም ስም በጣም ያስፈልጋት ነበር። ከሰላሌ መጥታ ብዙ ዓመት ብትቀመጥም፣ የአካባቢው ሴቶች በየወሩ በማርያም ዕለት የሚጠጡት ማኅበር ውስጥ አልገባችም፤ ቦታ የለም እየተባለች፣ ጽዋው ተሸፍኖ በደጃፏ ሲያልፍ እያየች ኖራለች። «ማኅበር የሌላት ሴት ስትታመም ጠያቂ፣ ስትሞት አልቃሽ የላትም» ትል ነበር። በመጨረሻ ባረፉ አንዲት አሮጊት ቦታ ገባችና የመጀመሪያ ተራዋ ለኅዳር ማርያም ደረሰ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፤ እናቴም «በዓሣ ወጥ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ» ብላ አባቴን ወደ ሐይቁ ላከችው።

እኔም አልቅሼ አብሬው ሄድኩ። አባቴ ከአጥማጆቹ በተዋሳት ጀልባ ከዳር ራቅ እስክንል ቀዝፎ መቅዘፊያውን ወደ ውስጥ አስገባና ጀልባዋን ለንፋሱ ተወላት። ንፋሱ በጎኗ ቀስ እያደረገ ሲነዳን፣ አምስቱ ዘንጎች በአንድ ወገን ተደርድረው ክራቸውን ከኋላ ይጎትቱ ነበር፣ አንዱ ወደ ታች ጠልቆ፣ አንዱ ከፍ ብሎ፣ በየመንጠቆው ላይም የበሬ ሳንባ ቁራጭ ተሰክቶ። «አምባዛን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂውም፣ ቤቱ ድረስ ሄደሽ ነው የምታንኳኪው» አለኝ። መርካቶ ውስጥ ሲጮህ ከሦስት ሱቅ በላይ የሚሰማው አባቴ እዚያ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ከዚያ አንዷ ቃጭል ቅጭል አለች፣ ሌላይቱም ተከተለቻት፣ አባቴም ክሮቹ እንዳይጠላለፉ ከወዲህ ወዲያ እየዘለለ አንዱን ዘንግ እኔ እጅ ላይ ጥሎ «ያዢው! እንዳትለቂ!» አለኝ። ጀልባዋ እስክትናወጥ ሳቅን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ ዳር ስንመለስ ግን የመረብ አጥማጆቹን ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ሌሊት የነፈሰው ኃይለኛ ንፋስ መረባቸውን አጠላልፎባቸው፣ ቆሮሶ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ሐይቁን ሲያይ ቆየና ቢላዋውን አወጣ። የአምባዛዎቹን ቆዳ ገፎ፣ ጭንቅላታቸውን ቆርጦ ጥሎ፣ ሥጋቸውን ብቻ ጨው ነስንሶበት ጠቀለለው። «ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ» አለኝ።

ቤት ስንደርስ አልነገራትም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አገኘህ?» ስትለው «ዓሣ አይደል ያልሽኝ? ይኸው ዓሣ» ብሎ ሳቀና ሊታጠብ ወጣ። እሷም ምን ዓሣ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሳፋው ላይ አጎንብሳ በሎሚ ስታጥበው ከጎኗ ቆሜ ነበር፤ አንዲት የተረሳች የቆዳ ቁራጭ፣ ጥቁርና ለስላሳ፣ ቅርፊት የሚባል ያልነካት፣ ጣቷ ላይ ተጣበቀች። እናቴ ደጋግማ አሻሸቻት፣ ወደ ብርሃኑም አነሣቻት። ከዚያ ወደ በሩ ተገላምጣ ከሰሉ ውስጥ ጣለቻትና በርበሬውን አበዛች። እኔ እዚያ መኖሬን የረሳች ይመስለኛል።

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ ቤታችንን ሞሉት። ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፣ ቄሱ ባርከዋል፣ ወጡም ቀረበ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃቸው፣ እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ እሳቸው የወደዱትን ማንም አይነቅፍም፣ የነቀፉትንም ማንም አይወድም። ደጋግመው ጎረሱና ጠላ ወደሚቀዳው አባቴ ቀና ብለው «አቶ ተፈራ፣ እንዲህ እሾህ የሌለው ዓሣ በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም። ቆሮሶ ነው?» አሉት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ አባቴ ግን ጠላው አፉን አልነካውም ነበር። ጽዋውን አየ።

«አምባዛ ነው፣ እትዬ» አለ።

አንዷ ሴት የጎረሰችውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተፋች። ወጥ ሁለቴ ያስጨመሩት ቄስ እንኳ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ። ያን ጊዜ እናቴ ደረቷን መታች።

«በዛሬዋ ማርያም አላወቅሁም! አታሎኝ ነው! ወይኔ ጉዴ፣ አታሎኝ ነው!»

አባቴ ዞር ብሎ አያት። ያን ያህል ዘመን ዓሣ ያጠበች ሴት አምባዛን ከቆሮሶ እንደምትለይ አይጠፋውም ነበር። ጥቂት አያትና ወደ ሴቶቹ ተመልሶ «እውነቷን ነው። እኔ ነኝ፣ አልነገርኳትም» አለ። ያለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ አልነገራትም።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ባለማወቅ የበላ በስግደት ይሠረይለታል፤ እያወቀ ያበላ ግን ለንስሐ አባቱ ይናገር» አሉ። ሴቶቹም እናቴን ከበው «ምስኪን! ምን ታድርግ! ወንድ ልጅ ይታመናል እንዴ?» እያሉ ያጽናኗት ጀመር፣ እሷም እውነተኛ እንባ ታለቅስ ነበር። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ያፈርኩት በአባቴ አምባዛ አልነበረም፣ በእናቴ መሐላ ነበር። በራስ እናት ማፈር ደግሞ ለማንም የማይነገር ነገር ነው፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ በጋ የግቢው ልጆች ቧንቧው ጋ ሲያገኙኝ «አምባዛ! ጢምሽን አሳዪን!» ይሉኝ ነበር፤ ምናለሽ ተራም አባቴን በስሙ መጥራት ተወ። እናቴ ግን ከማኅበሯ አልወጣችም፣ እንዲያውም ታዝኖላት ይበልጥ ተወደደች። አንድ ጠዋት አባቴ ዘንጎቹን ሲያወጣ «ተፈራ፣ አሁንማ ሰው ምን ይላል?» አለችው፣ እሱም መልሶ አስቀመጣቸው። ፋሲካ ሳይደርስ የመጋረጃ ዘንግ ነው ብሎ ሸጣቸው። ክረምት ሲገባ እንደ ልማዱ በርጩማውን ደጅ አውጥቶ ይቀመጥ ነበር፣ እጁ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ እናቴም በአጠገቡ ስታልፍ አትተርበውም ነበር።

ሐይቁን ተመልሶ ሳያይ አረፈ። ለቅሶው ላይ ማኅበርተኛው አንድ ሳይቀር መጣ፣ እናቴ ያኔ ሙሴ ሆና ነበርና። ከአርባው በኋላ ከአልጋው ሥር አንዲት ቃጭል ተገኘች፤ እናቴ ራሷ በሩ ላይ አሰረቻት፣ እኔም ለምን አላልኳትም።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ እናቴም ቃጭሏን ፈትታ ወደ አዲሱ ቤቷ ይዛት ሄዳለች። ጾም ሲገባ ዓሣ ተገፎና ተቆርጦ በላስቲክ ይሸጣል፣ ገዢውም ምን ዓሣ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይዞ ይሄዳል። እናቴ ግን ትጠይቃለች። «ምን ዓሣ ነው?» ብላ ሻጩን ታፋጥጠዋለች፣ «አምባዛ ነው፣ እማማ፤ ቆሮሶም አለ» ሲላት «አምባዛውን ስጠኝ» ትለዋለች። በየዓመቱ ኅዳር ማርያም እንግዶቿን ትሰበስብና አንድም ሰው ሳይጎርስ ብድግ ብላ «አምባዛ ነው። እያወቅሁ ነው የሠራሁት» ትላለች፣ ከበር ውጭ እስኪሰማ ጮክ ብላ። ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ እትዬ አስካለ? ዛሬ ማን ይለየዋል!» ይሏታል። እሷ አትስቅም፣ ቃጭሏ ወደተንጠለጠለችበት በር ታያለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ።