ኤግዚቢት የሆነው ሽንኩርት

ባለፈው እሁድ የልጄ ሚስት አዳማ ከሚገኝ ሱፐርማርኬት የገዛችውን በአቸቶ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት ምሳ ላይ አቀረበችልኝ። "ከውጭ የመጣ ነው" አለች በኩራት። አንዱን ነከስኩት። ስኳር ስኳር ይላል፤ ልፍስፍስ። ጥርስ ሥር ካልተንኮሻኮሸ፣ አቸቶው ዓይን ካላስጨፈነ ምኑን ሽንኩርት ሆነው? ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተውኩት።

እናቴ ሙያውን የለመደችው በወጣትነቷ ጣሊያኖች ቤት ተቀጥራ ነው። በበጋ፣ ሽንኩርት ከመቂ በጆንያ ሲራገፍ፣ ድንቡሽቡሽ ያሉትን ትንንሾቹን ትለቅማለች። ልጣ በጨው ውኃ ታሳድራቸዋለች፤ በማግስቱ አጠንፍፋ በማርማላታ ጠርሙስ ትደረድርና ከቁንዶ በርበሬና ከቃሪያ ጋር የፈላ አቸቶ ታፈስባቸዋለች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የነካ ወዮለት! ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ገበያው ሲራቆት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር እንበላዋለን።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ ነበርኩ። ቀበሌያችን ጓድ ግርማ የሚባል ካድሬ ተመደበለት። አንድ መጽሐፍ እንኳ ያልጨረሰ፣ ከብብቱ ግን ሁለት የማይጠፋ ሰው። እኛ የወጣት ማኅበር ልጆች አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን። እኔማ ልብ እንዲለኝ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ስለ ገበያው እጥረት ሲያወራ፣ "እኛ ቤትስ ሞልቷል፤ እናቴ ሃያ ጠርሙስ ሽንኩርት ዘፍዝፋለች" አልኩት። ፈገግ አለልኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ፤ የኔ ነገር!

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ጠርሙሶቹን በካርቶን አሸክመው፣ እናቴን በእግሯ ነድተው ሄዱ። "ሽንኩርት ከገበያ በጠፋበት ሰዓት ማከማቸት የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የገባ ሰው በየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ሦስት ቀን ስንቅ አመላለስኩላት። ዓይኗን ማየት ግን አልቻልኩም።

እሁድ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት አቆሟት። ጓድ ግርማ ስለ ንኡስ ከበርቴ ሆዳምነት ሲለፈልፍ ቆየና "ኤግዚቢቱ ይቅረብ!" አለ። ዘበኛው ኦቦ ገመቹ ካርቶኖቹን አምጥተው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሁሉም ባዶ!

"ሽንኩርቱስ?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ጓድና እንግዶቻቸው በአረቄ በሉታ!" አሉ ኦቦ ገመቹ፣ እንደ ተራ ነገር።

የጓድ ግርማ ፊት ደም መሰለ። "ለምርመራ ነው የተከፈተው!"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ታዲያ ምርመራው እንዴት ነበር ጓድ? ጨው በዝቶበት ይሆን?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው መላ ሲያጣ በማስጠንቀቂያ አሰናበታት። ያ የማያፍር ጓድ ግርማ ደግሞ ሳምንት ሳይቆይ ሚስቱን ልኮ አሠራሩን አስጠየቀ። እናቴ አንድም ሳታጎድል ነገረቻት። እኔ ብሆን ሬት አስጨምራት ነበር።

እናቴ ማን እንደጠቆመባት አንድ ቀንም ሳትጠይቀኝ አረፈች። ታውቅ እንደነበር የገባኝ እኔም ልጅ ካሳደግሁ በኋላ ነው። ጓድ ግርማን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ፤ ሆዳምን መናቅ ምን ይከብዳል? ለአንዲት ፈገግታ ብላ እናቷን አሳልፋ የሰጠችውን ያቺን ልጅ ግን ከሱ አብልጬ እንቃታለሁ።