የመምህር ላቀው ዝናብ

መምህር ላቀው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመት ቢሞላውም አንድ ሥራ ግን አልለቀቀም። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይሄድና በዝናብ መለኪያው ውስጥ ያደረውን ውኃ በመስታወት ስፍር ለክቶ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ወር ሲያልቅ ወረቀቱ ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ሴት ልጁን የዳረ ዕለት እንኳ ሚዜዎቹን በር ላይ አቁሞ ሄዶ ለክቷል። ሚስቱ እናትነሽ ሰው ይህን ሲያነሣባት «ኧረ እኔንስ ባገባኝ ማግሥት ሄዷል» ትላለች።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አገሩ ሁሉ ዛፍ ሲተክል የላቀው ትምህርት ቤትም አራት መቶ ችግኝ ተከለ። ወር ሳይሞላ የፍየልና የጥጃ ሲሳይ ሆነ። በግቢው ውስጥ አጥር ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ የዝናብ መለኪያው የቆመበት። ላቀው አንዲት የግራቪሊያ ችግኝ ይዞ ገባና ከመለኪያው አጠገብ በእጁ ተከላት። ከአራት መቶው የተረፈችው እሷ ብቻ ነች። እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፤ እንግዳ ሲመጣ ሳያሳይ አይለቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር የነበረው የዓመቱ ዝናብ መጀመሪያ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሆነ፤ ቆይቶ አንድ ሺህ፣ ከዚያም ዘጠኝ መቶ። ላቀው ደነገጠ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ድንጋጤው ውስጥ ትንሽ ደስታም ነበረች። ሰው የመጣውን መዓት ከጎረቤቱ ቀድሞ ሲያውቅ ሆዱን ደስ የሚለው ፍጥረት ነው።

እናም ሰባኪ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጥግ ቁልቁል የሚወርደውን መስመር በትልቅ ወረቀት ላይ ስሎ ይዘረጋል። ዛፍ የቆረጠ ኃጢአተኛ ነው። ቀኖናውም አምስት ችግኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን የሚለው ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ቀልዱ ቀረና ቀኖናው ብቻ ተረፈ። ሰዉ «አባ ሚሊ» የሚል ስም አወጣለት። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል እንጂ አይቆጣም።

ያላመነው የማኅበር ጓደኛው አለበል ነበር። አለበል በቆሎና ዳጉሳ የሚያርስ፣ ምላሱ ስል የሆነ ገበሬ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ አሉ» ይለዋል፤ «አንተ ደግሞ በብልቃጥ ልትሰፍረው ተነሣህ። ዝናብ ዱሮም ይከዳ ነበር፤ አባቴንም ከድቶታል። ቄሱም በኃጢአትህ ነው ይሉኛል፣ አንተም በኃጢአትህ ነው ትለኛለህ። እኔ ይህን ሁሉ ኃጢአት ለመሆኑ መቼ አደረስሁት?»

ላቀው ስምንት ዓመት ተከራከረው። በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ክረምት ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ አለና የአለበል በቆሎ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። አለበል በማግሥቱ ላቀው ቤት መጥቶ «እስቲ ያንን ወረቀትህን አሳየኝ» አለ። ብዙ ሲከራከር የኖረ ሰው አንዴ ካመነ ሰባኪውንም ያስንቃል። አለበልም እንዲያው ሆነ።

ያን ጊዜ ልጁ ወንዳወቅ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ከአባቱ መሬት ተካፍሎ ጎጆ ሊወጣ አስቧል። አለበል ልጁን አስቀምጦ ላቀውን አስጠራ። «ንገረው» አለ። ላቀውም ወረቀቱን ዘረጋና በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ መሬት በቆሎ እንደማያበቅል ለልጁ ነገረው። ልጁ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ወረደ። «በሚሞት መሬት ላይ ጎጆ አልሠራልህም» አለ አባት። ወንዳወቅ ጥር ላይ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ።

ሁለት ዓመት ያህል ይደውል ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ድምፁ ጠፋ፤ እስከ ዛሬም የለም። እናቱ ሀብትነሽ ሞተ ብላ ድንኳን አትጥል፣ አለ ብላ አትጽናና፤ እንዲሁ እንደ ተንጠለጠለች አለች። ባልና ሚስቱ የሚይዙት አንድ ነገር ቢኖር «እዚህስ ቢቀር ምን ነበረው?» የሚለው ቃል ነው። ሀብትነሽ ላቀውን ባየች ቁጥር የሰማዩን ነገር ትጠይቀዋለች። እሱም «ቀንሷል» ይላታል፤ እሷም ትንሽ ቀለል ይላታል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የኖረው መንገድ ለጥቂት ቀን ተከፈተና፣ ስንት ዓመት ተቆጣጣሪ ያላየው መለኪያ ተቆጣጣሪ መጣለት። እሌኒ የምትባል ከባሕር ዳር የተላከች ወጣት ባለሙያ ናት። ላቀው መዝገቦቹን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ጠበቃት። እሷ ግን መዝገቡን ሳትገልጥ አንገቷን አቅንታ ወደ ላይ አየች።

«መምህር፣ ይህን ዛፍ ማን ተከለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

እሌኒ ከዛፉ እስከ መለኪያው በእርምጃዋ ለካች። አራት እርምጃ እንኳ አልሞላም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ዝግ ብላ። «ይህን ያህል ቁመት ያለው ዛፍ ከመለኪያው ቢያንስ ሠላሳ ሜትር መራቅ ነበረበት። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ እየቀረ ነው። መለኪያው የሚያገኘው ከዛፉ የተረፈውን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዛፉ መለኪያውን ካለፈው ጀምሮ። ያለፉት አሥራ ሦስት ዓመታት ለምንም የሚሆኑ አይመስለኝም።»

«እና ዝናቡ አልቀነሰም?»

«እንዲያ አላልሁም። ሙቀቱ እየጨመረ መሆኑን ሌሎች ጣቢያዎች ያሳያሉ፤ የአየሩ ለውጥ ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ቦታ ዝናብ ግን ቀነሰም ጨመረም ለማለት የርስዎ መዝገብ ምስክር አይሆንም።»

መለኪያውን ወደ ሜዳው እንዲያዛውረው ነግራው፣ መንገዱ ሳይዘጋ ብላ ሄደች። ላቀው እዚያው ቆመ። ለካስ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲጥል እዚያ ዛፍ ሥር ተጠልሎ ነበር የሚለካው! ልብሱ እንዳይርስ፣ መዝገቡ እንዳይበሰብስ እያለ፣ ጥላውን እያመሰገነ። ጂኦግራፊ አስተማሪ! ሳቅ መጣበት፤ ከአፉ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። «ዝናቡ አልቀነሰም» ብሎ የሰበከውን እንዳይሽር ለዚያም ማስረጃ የሚሆን ቁጥር የለውም። ዝናቡ ቀንሶ ይሆናል፣ ላይቀንስም ይችላል። የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ወንዳወቅ መሄዱን ነው። በሦስተኛው ቀን ዣንጥላውን ይዞ፣ ሰማዩ ሲያወርደው ወደ አለበል ቤት ሄደ።

አለበል ብቻውን ተቀምጦ የሞፈር እንጨት ይጠርባል። ሀብትነሽ ማድ ቤት ነች። ላቀው ከመቀመጡ በፊት ካልተናገረ እንደማይናገር ስላወቀ ቆሞ ጀመረ። ስለ ዛፉ፣ ስለ ልጅቱ፣ ስለ አሥራ ሦስቱ ዓመታት ሁሉንም ነገረው። አለበል መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ልጅቱ።»

«እኔ አላምንም ስልህ ስምንት ዓመት ጎትተህ አስገባኸኝ» አለ አለበል። «አሁን አንተ ስትወጣ እኔን እዚያው ዘግተህብኝ ልትሄድ ነው?»

«እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው፣ ወንድሜ።»

«እውነቱን ምን ላድርገው? ልጄን ይመልስልኛል?» አለ አለበል። «ከሚሞት መሬት አሸሸሁት እያልሁ ነው እኔ የማድረው። መሬቱ ካልሞተ እኔ ምን ነኝ? ልጁን እህል ካለበት አገር ወደ እሳት የላከ አባት ነኝ። ይህን ንገራትና እስቲ ሀብትነሽ ቆማ ስትሄድ አያታለሁ።»

ላቀው እግሩን ሊያነሣ ሲል ሀብትነሽ ከጓሮው የቆረጠችውን እሸት በቆሎ ጠብሳ ይዛ ገባች። ዛላው ጥርሱን ሞልቶ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ነበር። እንግዳውን ስታይ ፊቷ ተፈታ።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኧረ ይቀመጡ። ዘንድሮስ ሰማዩን እንዴት አገኙት?»

ላቀው አለበልን አየ። አለበል መሬት መሬት እያየ «ቀንሷል» አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ሀብትነሽ አልሰማችውም።

«ምን አላችሁ?» ብላ ጆሮዋን ወደ ላቀው አዘነበለች።

«ቀንሷል!» አለ ላቀው ጮክ ብሎ።

«አዬ» አለች፤ «እንኳንም ሄደልኝ።» ለሁለቱም አንዳንድ በቆሎ ሰጠቻቸው። ተቀብለው መፈልፈል ጀመሩ።